ዜና ጂንካ፣ የታችኛው ኦሞ በር

ምዕራፍ 1። ስለ አገሩ አቀማመጥና ስለ ከተማይቱ አነሣሥ

ጂንካ በአሪ ደጋ ግርጌ፣ በማጎ ቆላ ራስ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበላይዋ እንሰትና ቡና የሚያበቅለው የአሪ አገር አለ፤ ከበታችዋ ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰው ቆላ እስከ ኦሞ ይወርዳል፤ ኦሞም ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በዚያ ቆላ ሙርሲና ቦዲ፣ በናና ሐመር፣ ካሮና ኛንጋቶም፣ ዳሰነችም ይኖራሉ። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር ዞሮ ወደ ሙርሲ አገር የሚወርድ እንግዳ በጂንካ ሳያድር አያልፍም።

የቀደመው መቀመጫ ግን ጂንካ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የአሪን አገር በያዘ ጊዜ ከደጋው ላይ ባኮ ከተመ። ያን ጊዜ የአሪ ባላገር ገባር ተባለ፤ ለነፍጠኛው አረሰ፣ አጥር አጠረ፣ ሸክም ተሸከመ። ይህን ሳይጽፍ የሚያልፍ ዜና መዋዕል ጎዶሎ ነው። ከዚያ በኋላ መቀመጫው ከባኮ ወደ ጂንካ ወረደ፤ አውራጃውም በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ገለብና ሐመር ባኮ ይባል ነበር።

በጂንካ መካከልም የሣር ሜዳ ነበረ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው እርሱ ነበረ። በአዘቦት ቀን ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ገበያተኛ ያቋርጠው ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከብቱ ይነዳ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣም ከብቱ ወደ ግጦሹ ይመለስ ነበር። ኋላ አስፋልት ያለው ማረፊያ ተሠራና ይህ ቀረ።

ምዕራፍ 2። ወደ ኦሞ ስለ ወረዱ የቀድሞ ሰዎች

በ1880 ዓ.ም. የሐንጋሪ ባላባት ቴሌኪ ከደቡብ መጥቶ የቱርካናን ሐይቅ አየ፤ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስምም ሩዶልፍ ብሎ ሰየመው። ጥንት ስም አውጥተውለት በዳርቻው የሚያጠምዱትን ሰዎች አልጠየቀም። ቀጥሎም ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ከዚያ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። እርሱ ግን አገሩ አልተመለሰም፤ በ1889 ዓ.ም. በወለጋ በጊዳሚ አጠገብ ተዋግቶ ሞተ።

በ1890 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከካፋ ተነሥተው በብዙ ሠራዊት ወደዚያው ሐይቅ ወረዱ። ከእርሳቸውም ጋር ቡላቶቪች የሚባል የሩሲያ መኰንን ነበረ፤ የዘመቻውንም ታሪክ ጽፏል። በኦሞ አፍ ሰንደቅ ዓላማ ተተከለ፤ ድንበሩም በዚያ ምልክት ተደረገለት። ያን ጊዜ ወደ ኦሞ የሚወርድ ሁሉ ወይ ድንበር ፈላጊ፣ ወይ የዝሆን ጥርስ ፈላጊ ነበረ።

ምዕራፍ 3። በኪቢሽ ስለ ተገኘው አጥንት

በ1925 ዓ.ም. ካሚል አራምቡር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ከኦሞ ዳር ወርዶ ድንጋይ የሆነ የአውሬ አጥንት ሰበሰበ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንደሚነገረው፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኬንያውን ሊቅ ሉዊስ ሊኪን ባገኙት ጊዜ በኬንያ የሚገኘው የቀድሞ ሰው አጥንት በኢትዮጵያ ስለ ምን እንዳልተገኘ ጠየቁት፤ እርሱም ፈቃድ ካገኘ እንደሚገኝ መለሰ።

በ1959 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ሊቃውንት በሦስት ቡድን ሆነው ወረዱ። አራምቡርና ኢቭ ኮፐን ጥርሱ የረገፈ የታች መንጋጋ አገኙ፤ ዕድሜውም በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። የኬንያውን ቡድን የሚመራው የሊኪ ልጅ ሪቻርድ ነበረ። ከእርሱ ጋር የመጣው ካሞያ ኪሜው፣ ዓይኑ አጥንትን ከጠጠር የሚለይ ሰው፣ በኪቢሽ ወንዝ አጠገብ የሰው አጥንት አገኘ፤ ይህም እንደ እኛ ያለ ሰው አጥንት ነው። መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ይሆነዋል ተባለ። በ1997 ዓ.ም. አፈሩ ዳግመኛ ተመርምሮ 195 ሺህ ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑ ታውቆ ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ ተነገረ። ስለ ሸለቆው ክብር ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. የታችኛውን ኦሞ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው፤ አክሱምና ጢያም በዚያው ዓመት ተጻፉ።

አጥንቱም ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ምዕራፍ 4። ሌላ የበር ከተማን ስለ መመልከት

በሩቅ ምሥራቅ በካምቦዲያ ሲየም ሪፕ የምትባል ከተማ አለች። የክመር ነገሥታት የሠሯቸው የአንኮር ቤተ መቅደሶች በር እርስዋ ናት። ዳግማዊ ሱርያቫርማን አንኮር ዋትን ያሠራው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ቅዱስ ላሊበላ በላስታ ከመንገሡ ጥቂት ቀደም ብሎ። እንግዳ በሲየም ሪፕ ያድራል፣ በማለዳ ወጥቶ ድንጋዩን ያያል፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይመለሳል። ድንጋይ ቢያዩት አያፍርም፤ ቢከቡት አይቆጣም፤ ዋጋም አይጠይቅም።

የጂንካ ነገር ግን ሌላ ነው። ጥንታዊው አጥንቷ ከአገሩ ወጥቷል፤ የተገኘበትም ምድር ከኦሞ ማዶ፣ ከጂንካ ሩቅ ነው። ስለዚህ እንግዳው ሌላ ጥንታዊ ነገር ሲፈልግ ሕያው ሰው አገኘ፤ ሰውንም እንደ ፍርስራሽ ድንጋይ ይመለከት ጀመር።

ምዕራፍ 5። ስለ እንግዶችና ስለ ቅዳሜ ገበያ

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። የአሪ ሴቶች ቡናና ጎደሬ፣ ቆጮና ማር ተሸክመው ከደጋ ይወርዳሉ፤ የቆላ ሰዎች ቅቤና ፍየል፣ ቅልና ቆዳ ይዘው ይወጣሉ። ፀጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ያሸች የሐመር ሴት ሸፈሮ ለሚባለው መጠጥ የሚሆን የቡና ገለባ ትመርጣለች፤ በእፍኟ አንሥታ ታሸትታለች፣ እርጥቡን ትመልሳለች፣ ሻጯም ታጉረመርማለች። ደጋና ቆላ ያለ አስጎብኚ የሚገናኙት በዚህ ነው።

በማግስቱ ጧት መኪኖች ወደ ማጎ ይወርዳሉ። ስካውት የሚባለው ጠባቂ ጠብመንጃውን ይዞ ከፊት ይቀመጣል፤ የገንዲ ዝንብ በመስኮት እንዳይገባ መስተዋት ይዘጋል። ከሙርሲ መንደር ሲደርሱ ሴቶች የከንፈር ሸክላቸውን አድርገው ይወጣሉ፤ በአዘቦት የማያደርጉትን ቀንድና ቅርጫትም በራሳቸው ላይ ይደፋሉ፤ እንግዳው የሚወደው ይህን እንደ ሆነ አውቀዋልና። ካሜራው በተጫነ ቁጥር ይቈጥራሉ፤ በቁጥሩም ዋጋ ይጠይቃሉ። እንግዳው በልቡ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ወዳድ ናቸው» ይላል፤ እነርሱም «ይህ ሰው ሰላምታ አያውቅም» ይላሉ። ፀሐይ ሳትበረታ መኪናው ይመለሳል።

ከጂንካ በላይ ካለው ኮረብታ ደግሞ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። ያቋቋመው ጀርመናዊው ሊቅ ኢቮ ሽትሬከር ነው፤ እርሱና ጂን ሊዳል ከ1960ዎቹ ጀምረው ከሐመር ጋር ኖረው ቋንቋቸውን ተምረው ነገራቸውን ጽፈዋል። ለአንድ ሰዓት የመጣውና ለዓመታት የተቀመጠው፣ ሁለቱም በአንዲት ጂንካ ገብተዋል።

ምዕራፍ 6። በቅርብ ዘመን ስለ ሆነው፣ የዚህም ዜና ፍጻሜ

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ኦሞ ሞልቶ 364 ሰዎች በዳሰነች አገር ሞቱ። በ2009 ዓ.ም. በወንዙ ላይኛው ክፍል የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተመረቀ፤ ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉም 1,870 ሜጋዋት ነው። ግድቡ ከቆመ ወዲህ ወንዙ በልማዱ መሙላት ተወ፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች እርሻቸው ነጠፈ። በ2010 ዓ.ም. የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቆም ጂንካ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በኢትዮጵያ ታይቶ የማይታወቅ የማርበርግ በሽታ በጂንካ ተገኘ፤ ሰዎችም ሞቱ።

የዚህ ዜና ጸሐፊ ፍርድ ይህ ነው። አስጎብኚ እንግዳውን ወደ ማጎ ከማውረዱ በፊት የኪቢሽን ነገር ይንገረው። ከቶኪዮም ይምጣ ከሚላኖ፣ ዘሩ እንደ ኪቢሹ ሰው ካሉት ከአፍሪካ ሰዎች እንደ ወጣ ይወቅ። ያን ሰምቶ የወረደ ሰው ወደ ባዕድ ትርኢት ሳይሆን ወደ ዘመድ ቤት እንደሚሄድ ሰው ይሄዳል። ዘመድም ከደጅ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይጠይቃል፣ የቀረበለትን ይጠጣል፤ ፎቶግራፉን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራውን ከሰላምታው የሚያስቀድም ቢገኝ ግን የተጠየቀውን ዋጋ ያለ ክርክር ይክፈል፤ ሙርሲዎች የጠየቁት ተገቢ ነውና።