ፊደል ቆጥሮ ምስጢር የፈታው ሰው



«መልእክቱን የሚቆልፍ ሰው የሚደብቀው ወንጀል ቢኖረው ነው» የሚለው ሐሜት በአገራችን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ሐምሌ ላይ በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ በክሱ ከተነሱት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ይህ መመሪያ የይለፍ ቃልን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ኢሜይልን እንዴት እንደሚቆልፉ ያስተምራል፤ የፈለገ ሁሉ ከኢንተርኔት አውርዶ ያነበዋል። አምስቱ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩትን አራቱን ፍርድ ቤት ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ስለ ኢንክሪፕሽን ምንነት ለሕዝብ ያስረዳ ማን ነበር? ያልተብራራ ቃል ደግሞ ማስፈራሪያ ለማድረግ ይመቻል።

እኛም ቀምሰነዋል። ሐምሌ 2004 የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» ዋና አዘጋጅ ታሰረ። ጥር 28 ቀን 2005 የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት»ን ሲያስተላልፍ የኮሚቴዎቻችን ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። መልስ የምንሰጥበት ጣቢያ አልነበረንም፤ የቀረን በዋናነት «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የፌስቡክ ገጽ ነበር።

ለመሆኑ ምስጢራዊ ጽሑፍ የፈረንጅ ፈጠራ ነው? በ9ኛው ክፍለ ዘመን በግዳድ ውስጥ ያዕቁብ አል‑ኪንዲ የተባለ ሊቅ፣ የተሰወረ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ሪሳላ ጻፈ፤ ቅጂው በኢስታንቡል ሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል። ዘዴው በቀጥታ ፊደል መቁጠር ነው። በዐረብኛ ጽሑፍ ውስጥ አሊፍና ላም ከሌሎች ፊደላት ይበዛሉ። ጸሐፊው እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ምልክት ቢተካ እንኳ፣ ከሁሉ የበዛው ምልክት ምናልባት አሊፍ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ላም። እንዲህ እየተባለ ቁልፉ ይገኛል። መድረሳ «አሊፍ፣ ባ» ስንቆጥር ይህን ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም!

የዛሬው ቁልፍ በቆጠራ አይፈታም። ኮምፒውተር መልእክቱን በእጅግ ረጅም ቁጥር ያደባልቀዋል፤ መክፈቻው ያለው ላኪውና ተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ቴሌ ቢያየው ትርጉም የለሽ ነገር ነው የሚያገኘው። ማኅተም ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ሊጽፉ ሲሉ፣ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነግሯቸው የብር ቀለበት አሠርተዋል። ማኅተም ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ይመሰክራል፤ ቁልፍ ደግሞ ማን እንደሚያነበው ይወስናል።

እዚህ ቦሳ ኪቶ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ቴሌግራም አይነበብም አይደል?» እያሉ ነው። የዋትስአፕ መልእክት ከ2008 ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው። የቴሌግራም ተራ መልእክትና ግሩፕ ግን እንደዚያ አይደለም፤ መክፈቻው ኩባንያው ዘንድ አለ። እንደዚያ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብለህ ስትከፍት ብቻ ነው፤ ይህን አብዛኛው ሰው አያውቅም። ዋትስአፕም ቢሆን ምን እንደጻፍክ ይሰውራል እንጂ ለማን፣ መቼ እንደጻፍክ አይሰውርም። ስልክህ ተከፍቶ ሰው እጅ ከገባም ቁልፉ አብሮ ገባ ማለት ነው።

ደግሞም መልእክት መቆለፉ ወሬውን እውነት አያደርገውም። በግሩፕ የሚዞር ፈትዋ ወይም «እገሌ መስጂድ ተቃጠለ» የሚል ወሬ ተቆልፎ ቢመጣም፣ ኢስናዱ ከየት ነው ብሎ መጠየቅ ያው የኛ ሥራ ነው።

ቁልፉ ፈጽሞ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ያኔ የተቆለፈውም ያልተቆለፈውም መልእክት እኩል ከስልካችን ሳይወጣ ቀረ፤ ጅማም አዲስ አበባም የሚሰማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያለውን ነበር።