ሃምሳና ሃምሳ መቶ ያልሞላበት ስሌት

50 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ጋር ሲቀላቀል 100 አይሞላም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢለካ 96.5 ገደማ ላይ ይቆማል። የፈሰሰ ነገር የለም፤ የተነነም የለም። ሚዛን ላይ ቢወጣ ክብደቱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው የያዘው ቦታ ብቻ ነው። የድብልቆች እፍግታ ታሪክ ለእኔ የዚህች ጉድለት ታሪክ ነው።

ቀደምቶቹ ጉድለቷ አላስቸገረቻቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ብረት ነውና። ሮማዊው ቪትሩቪየስ እንደተረከው፣ የሲራኩሱ ገዥ ሂየሮ የወርቅ ዘውዱ በብር መበረዙን ጠርጥሮ ነገሩን ለአርኪሜድስ ሰጠው። 1 ኪሎ ንጹሕ ወርቅ 52 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይገፋል፤ 300 ግራሙ በብር ቢተካ ግን 65 ያህል ይሆናል። ወርቅና ብር አብረው ሲቀልጡ ይዘታቸው ከሞላ ጎደል ስለሚደመር ሌባው ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1121 አል-ኻዚኒ በመርቭ ከተማ ስለ ጥበብ ሚዛን በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ መንገድ እጅግ አጥርቶታል።

አልኮል ሲመጣ ግን ነገሩ ተበላሸ። 50 ግራም ውኃና 50 ግራም አልኮል እንውሰድ። የውኃው እፍግታ 0.998፣ የአልኮሉ 0.789 ነው፤ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ 0.894 ያገኛል። ይህ ከመነሻው ስሕተት ነው፤ በክብደት ሲቀላቀል የሚደመረው እፍግታ ሳይሆን እያንዳንዱ ግራም የሚይዘው ቦታ፣ ማለትም የእፍግታው ግልባጭ ነው። በዚህ መንገድ ያሰላ 0.881 ያገኛል። ሥርዓቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠርሙሱ የሚመልሰው 0.914 ነው። እንግዲህ መለካት ግድ ሆነ።

እንዲለካ ያስገደደው ደግሞ ግብር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከመጠጥ ቀረጥ የሚሰበስበው በአልኮሉ ልክ ስለሆነ፣ ቻርልስ ብላግደን በ1790 ስለ አሠራሩ ዘገባ አቀረበ፤ የጆርጅ ጊልፒን የእፍግታ ሰንጠረዦችም በ1794 ታተሙ። በትዕግሥት የተሠሩት እነዚያ ገጾች ከብዙ ዝነኛ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ያስደንቁኛል።

ዲሚትሪ ሜንዴሌቭም በ1865 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ በአልኮልና በውኃ ውህደት ላይ ሠራ። ቦታው አብልጦ የሚጠበው በክብደት 46 ከመቶ ያህል አልኮል ሲኖር መሆኑን አይቶ፣ አንድ የአልኮል ሞለኪውል ከሦስት የውኃ ሞለኪውሎች ጋር እንደሚጣመር ገመተ። ዛሬ ቋሚ ውህድ ነው አይባልም፤ የሞለኪውሎቹ የሃይድሮጅን ትስስርና አሰላለፍ መለወጡ ነው የሚባለው።

እንፋሎትና ውኃ በአንድ ማሞቂያ ጋን ውስጥ ሲኖሩ ተራው ድምር በቂ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አይሟሟምና። በ100 ዲግሪ ግማሽ በግማሽ የሆነ 1 ኪሎ 0.84 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ያ ሁሉ የእንፋሎቱ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ለሚሟሙት ግን የጊብስ ቴርሞዳይናሚክስ ከ1876 ጀምሮ መሠረቱን ጣለ፤ ጊልበርት ሉዊስ ደግሞ በ1907 ጥያቄውን ቀየረው፦ «ውኃው ስንት ቦታ ይይዛል?» ሳይሆን «እዚህ ድብልቅ ውስጥ ሲገባ ስንት ይጨምራል?» ለብቻው 18 ሚሊ ሊትር የሚይዘው 1 ሞል ውኃ በብዙ አልኮል ውስጥ ሲጨመር የሚያክለው 14 ያህል ብቻ ነው።