ስለ ተሰነጠቀ ደጋን አጠጋገን

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች ከሚገኙት የቤት ዕቃዎች መካከል ደጋን የተባለው የጥጥ መንደፊያ እጅግ ተራ መስሎ የሚታይ ነው። አንድ የሚለመጥ እንጨት ጎበጥ ይደረግና ሁለቱ ጫፎቹ በጅማት ይወጠራሉ፤ አሠራሩ ይኸው ነው። ቤተ ሰቡ ራሱ ቈርጦ የሚያበጀው ዕቃ ስለ ሆነ፣ የቤተ መንግሥትንና የጦር ሜዳን ነገር የሚመረምር የታሪክ ሰው ብዙ ጊዜ ዐይኑን አይጥልበትም። ነገር ግን ይህ ጎባጣ እንጨት የአንድ ጥንታዊ መሣሪያ ቅሪት ነው። በተሰነጠቀ ጊዜ የሚደረግለት ጥገናም ስለ መሣሪያው ጠባይና ስለ ባለቤቶቹ ኑሮ ብዙ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። ጥጥን በደጋን ማፍታታት በአማርኛ መንደፍ ይባላል። ንብም ሰውን ስትወጋ ነደፈችው እንላለን። በግእዝ ግን ይኸው ነደፈ የሚለው ግስ በቀስት መውጋትን፣ ፍላጻ መወርወርንም ያመለክታል። እንግዲህ ጥጥ የምትነድፈው ሴትና በጥንት ዘመን ፍላጻ የሚወረውረው ቀስተኛ ሥራቸው በአንድ ግስ ይጠራል ማለት ነው። ሁለቱም የተለመጠ እንጨትና የተወጠረ ጅማት ይዘዋል፤ የሚለያዩት በዓላማቸው ነው። የአዝማሪው መሲንቆ የሚመታበት፣ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ትንሹ ጎባጣ እንጨትም እንዲሁ ደጋን ይባላል። ስለዚህ አንዱ የእንጨት ቅርጽ ለጦርነት፣ ለልብስና ለዘፈን አገልግሏል።

ቀስት በኢትዮጵያ ጦርነት ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ ነበረው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር የተሰለፉት ማያ የተባሉት ሰዎች በመርዝ በተቀባ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን በቈረቈሩበት ዘመን ግን የደገኛው ወታደር ዋና መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበረ። ከዚያም ነፍጥ እየበዛ ሄደ፤ በ1760 ዓ.ም. ገደማ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ወደ ጎንደር የመጡት ብዙ ነፍጠኛ ባለበት ሠራዊት ነው። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩት ጉሙዞች ቀስትን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ለአደንና ለጦርነት ይዘው ሲቈዩ፣ በደጋው ቀስት ከወታደሩ እጅ ወጣ። የጥጡ ደጋን ግን በጓዳ ቀረ።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንመለስ። እንጨት ሲለመጥ ሁለቱ ጎኖቹ አንድ ዓይነት ሸክም አይሸከሙም። በስተ ውጭ ያለው ጎን ይሳባል፤ በስተ ውስጥ ያለው ጎን ይጨመቃል። ስለዚህ ስንጥቁ በየትኛው ጎን፣ በየትኛውስ አቅጣጫ እንደ ወጣ ማወቅ የጥገናው መጀመሪያ ነው። እንጨቱ ባደገበት መሥመር በርዝመቱ የወጣ ስንጥቅ፣ ብዙ ጊዜ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ተሠርቶ በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ በችኰላ ከመድረቁ የሚመጣ ነው፤ ይህ ሊታሰር ይችላል። በውጭው ጎን አግድም የወጣ ስንጥቅ ግን እንጨቱን የሚይዙት ጭረቶች ተበጥሰዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እንጨቱን ለማገዶ መስጠትና ሌላ መቍረጥ ይሻላል።

ሊታሰር የሚችለውን ስንጥቅ ለመጠገን የደጋው ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ያልለፋ ቆዳ፣ ይኸውም ጠፍር፣ በየቤቱ አለ፤ አልጋ የሚጠፈረው በእርሱ ነው፤ ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ምራንም የዚሁ ወገን ነው። የጠፍር ጥበብ ሁሉ ያለው በውኃው ላይ ነው። ቆዳው ሲርስ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና የያዘውን ነገር እንደ ብረት ቀለበት ያጠብቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የደጋኑ ጅማት ይፈታል፤ ተወጥሮ ሳለ የታሰረ ስንጥቅ አፉ አይገጥምምና። ከዚያ የስንጥቁ ከንፈሮች ይገጠማሉ፤ የራሰው ጠፍር ከስንጥቁ ጫፍ አልፎ ይጀመርና ዙሩ ሳይደራረብ፣ ክፍተትም ሳይተው፣ ጎን ለጎን እየተጠመጠመ ከሌላው ጫፍ አልፎ ያበቃል። መጨረሻው ከመጨረሻዎቹ ዙሮች በታች ገብቶ ይሳባል። የሚደርቀውም በጥላ ቀስ ብሎ ነው። ከደረቀ በኋላ ጅማቱ መጀመሪያ ላላ ተደርጎ፣ ኋላ እየጠበቀ ይወጠራል።

ይህን ካየን ዘንድ ጥገናው እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል መጠየቅ ይገባል። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በጎንደር ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተቀመጠው ከስኮትላንዳዊው ከጄምስ ብሩስ መጽሐፍ እናገኛለን። ብሩስ በ1782 ዓ.ም. በታተመው የጉዞ ታሪኩ ስለ ቆላው ቀስተኞች ሲጽፍ፣ አዳኙ አውሬ በገደለ ቍጥር ከቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት ቈርጦ በቀስቱ ላይ እንደሚጠመጥም ይናገራል። ቆዳው እየደረቀ እንጨቱን ያጠብቀዋል። ግዳዩ ሲበዛ ጥምጥሙም ይበዛል፤ በመጨረሻም ቀስቱ ከመጠንከሩ የተነሣ መለመጡ ይቀርና የጀግንነት ምልክት ብቻ ይሆናል።

ብሩስ ይህን ያየውን ነገር ከግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ከሄሮዶቱስ ትረካ ጋር አያይዞታል። ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ንጉሥ ካምቢስ መልእክተኛ አስመስሎ ሰላዮች ቢልክ፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ አንድ ትልቅ ቀስት ሰጥቶ፣ ፋርሶች ይህን የመሰለውን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ይምጡብኝ ብሎ መለሳቸው። ከፋርሶችም የካምቢስ ወንድም ስሜርዲስ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሊስበው ቻለ ይባላል። በግሪኮች አነጋገር ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ያጠቃልል ስለ ነበር፣ የዚህን ንጉሥ አገር ከዛሬይቱ ኢትዮጵያ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። የብሩስም ትርጓሜ ግምት ነው። ሆኖም ግምቱ የተመሠረተበት የእጅ ሥራ እውነት ነው፤ ያው እርጥብ ቆዳ በመጠኑ ሲሆን ደጋኑን ያድናል፣ ሲበዛ ግን በትር ያደርገዋል።

የጦር ቀስትና የጥጥ ደጋን የሚለያዩትም በዚህ ላይ ነው። የጦር ቀስት በሙሉ ኀይል ይሳባል፤ ጥገና ያለበት ከሆነ ፍላጻው ይደክማል፣ ሲሰበርም ባለቤቱን ያቈስላል። የጥጥ ደጋን ግን ብዙ አይሳብም። ጅማቱ በተዳመጠው ጥጥ ላይ ይደረግና ይነዘራል፤ ጥጡን የሚያፍታታው ንዝረቱ ነው። ለንዝረቱ የሚያስፈልገው ውጥረት ብቻ ስለ ሆነ፣ የተጠገነ ደጋን ከዓመት እስከ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ለጦር የማይበቃ እንጨት ለጓዳ ይበቃል።

ጥገናው ለጓዳው ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ለመረዳት የጥጡን መንገድ መከተል ነው። ጥጥ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በመዳመጫ ፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። በጎንደር ሸማኔዎቹ በብዛት እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ እስላሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ፤ የኋለኛው አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈራቸው ነው። ቤተ እስራኤሎችም እንደ ወለቃ ባሉ መንደሮች በሽመና፣ በብረት ሥራና በሸክላ ሲኖሩ ቈይተው፣ አብዛኛዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሃይማኖት በሰፈር የለየውን ሕዝብ ፈትል ያገናኘው ነበር። የክርስቲያኒቱ ደጋን ከተሰነጠቀ ፈትሏ ይዘገያል፤ ፈትሏ ከዘገየ የእስላሙ ሸማኔ መወርወሪያ ሥራ ይፈታል፤ ጋቢውም ለብርድ አይደርስም። ለፈትል ሽያጭ ለምታድር ባልቴት ደግሞ አንድ ክንድ ጠፍር የሳምንት እንጀራ ማለት ነበረ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሌሎችም ፋብሪካዎች ጋር፣ የመኪና ክር በየገበያው ተዳርሷል። ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር ሲገዛ፣ የእጅ ፈትል ለማግ ብቻ እየሆነ፣ ከዚያም እያነሰ ሄደ። ፈትል ሲያንስ ደጋን የምታነሣ እጅ ታንሳለች፤ የትኛው ስንጥቅ እንደሚድን፣ የትኛውም እንደማይድን የሚያውቅ ዐይንም ከእርሷ ጋር ያልፋል።

ዕቃን የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በ1924 ዓ.ም. ክረምት በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ ጥቂት ወራት ተቀምጧል፤ ከጉዞው ሁሉ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም ከ3000 በላይ ናቸው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የራሱ ቤተ መዘክር አለው። ሆኖም ዕቃን ለቤተ መዘክር የሚመርጥ ሰው ሙሉውንና ያማረውን ወደ መውሰድ ያዘነብላል። አዲስ ደጋን የሚያስረዳው አሠራሩን ብቻ ነው፤ ጠፍር የተጠመጠመበት ደጋን ግን በተጨማሪ መቼ እንደ ደከመ፣ ማን እንዳዳነው፣ ለምንስ ሌላ እንዳልተቈረጠ እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ስለዚህ በወገራም ሆነ በጎንደር ሰፈሮች የሚያጠና ተማሪ የተሰነጠቀና የታሰረ ደጋን ቢያገኝ እንደ ስብርባሪ አይለፈው። ባለቤቲቱን ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፤ የጠፍሩን ዙር ይቍጠር፤ ስንጥቁ የወጣበትን ጎን ይጻፍ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ያሰረችው እጅ በሕይወት ሳለች ነው።