የተባይ ማጥፊያ ርጭት በኬንያ፦ ማን ይከፍላል? መቼ ነው ነፃ?

ትኋን፣ በረሮ፣ አይጥ፣ ቁንጫ፣ ምስጥ። በካምፕም ሆነ በከተማ ስደተኛው የሚያውቃቸው ጎረቤቶች ናቸው። «እንርጭላችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» እያለ በር የሚያንኳኳም አይጠፋም። አንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ኪስ ማውለቅ ነው። ይህ ጽሑፍ በካኩማ፣ በካሎቤዬይ፣ በዳዳብና በናይሮቢ ለምትኖሩ ወገኖች ሁለቱን ለመለየት እንዲረዳችሁ የተዘጋጀ ነው።

የካውንቲ ክፍያ ከየት ይመጣል?

ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት 47 ካውንቲዎች አሏት። የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሥራ በአብዛኛው የካውንቲ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 209 ካውንቲ ለሚሰጠው አገልግሎት እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። አንቀጽ 210 ደግሞ ግብርም ሆነ የፈቃድ ክፍያ ያለ ሕግ እንዳይጣል ይከለክላል። ስለዚህ ካውንቲው ዋጋውን ፋይናንስ አክት በሚባለው ሕግ ውስጥ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚጀምር ዋጋው ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የናይሮቢ ዋጋ ለቱርካና ወይም ለጋሪሳ አይሠራም፤ ጎረቤታችሁ አምና የከፈለውም ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በካውንቲው ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው «የትኛው ሰንጠረዥ ላይ ነው ያለው?» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል። ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚሰላው በክፍል ቁጥር ወይም በቤቱ ዓይነት ነው። መኖሪያ ቤት፣ ሱቅና ሆቴል አንድ ዓይነት ዋጋ የላቸውም።

በካምፕ ውስጥ

ካኩማና ካሎቤዬይ በቱርካና ካውንቲ፣ ዳዳብ ደግሞ በጋሪሳ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ዩኤንኤችሲአርና አጋሮቹ ለስደተኛ የሚሰጡት አገልግሎት ሁሉ ነፃ ነው። ለጤና ተብሎ በብሎክ ደረጃ የሚደረግ ርጭትም እንደዚሁ። «ስማችሁን ለርጭት ላስመዝግብ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ፣ የድርጅት ባጅ ቢያንጠለጥልም እንኳ አትክፈሉ። በቅሬታ ሣጥን ወይም በጥበቃ ቢሮ በኩል አመልክቱ።

ነፃ ማለት ግን ቶሎ ይመጣል ማለት አይደለም። በተለይ በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ከቀነሰ ወዲህ ሁሉም አገልግሎት ሳስቷል። አንድ ቤት ብቻውን ከሚያመለክት ብሎኩ አንድ ላይ ቢያመለክት ይሻላል። በብሎክ መሪው በኩል አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦ ስንት ቤት ተቸግሯል? ምን ዓይነት ተባይ ነው? ከመቼ ጀምሮ? የታመመ ሰው አለ? ከዚያ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛውና ለጤና ወይም ለንጽሕና አጋር ድርጅቱ ስጡ፣ ኮፒውንም አስቀሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ትኋንም ሆነ በረሮ የጎረቤት ግድግዳ አያግደውም። አንድ ቤት ተረጭቶ አጠገቡ ያለው ከቀረ ተባዩ ተመልሶ ይመጣል።

በካምፕ ውስጥ ሱቅ፣ ቡና ቤት ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ንግድ ስለሆነ የካውንቲ የንግድ ፈቃድና የጤና ቁጥጥር ይመለከታችኋል፤ የርጭቱም ወጪ የእናንተ ነው።

በከተማ ለተከራያችሁ

ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊም ሆነ ሌላ ሰፈር ቤት የተከራየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኔ ልክፈል ወይስ አከራዩ?» ብሎ ነው። የኬንያ የኅብረተሰብ ጤና ሕግ፣ ማለትም ካፕ 242፣ ለጤና አደገኛ እስኪሆን ድረስ ተባይ የወረረውን መኖሪያ ቤት ሕጉ «ኑሰንስ» ከሚላቸው የጤና ጠንቆች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የጤና ባለሥልጣኑ እንዲስተካከል በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል። ችግሩ ከቤቱ አሠራር ጉድለት የመጣ ከሆነ ትእዛዙ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። ለምሳሌ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ አይጥ የሚያስገባ ጣሪያ ካለ ክርክራችሁ ጠንካራ ነው። ችግሩ ከቤታችሁ አያያዝ የመጣ ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ወደ እናንተ ያዘነብላል።

ስለዚህ፦

1. ከመግባታችሁ በፊት የአልጋ ጥጋጥጉን፣ የግድግዳ ስንጥቁንና የኩሽናውን መሳቢያ እዩ። ተባይ ካለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለኬርቴከሩ ወዲያው ላኩ።
2. የኪራይ ውላችሁ ስለ ርጭት ምን እንደሚል አንብቡ።
3. ለአከራዩ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ በመልእክት ጻፉ። ቀኑ ራሱ ማስረጃ ነው።
4. ካልሰማችሁ ወደ ሰብ ካውንቲው የኅብረተሰብ ጤና ቢሮ ሂዱ። የስደተኛ መታወቂያችሁን፣ ፎቶውንና መልእክቱን ያዙ።
5. አከራዩ «እናንተ አስረጩ፣ ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል» ካለ መጀመሪያ በጽሑፍ ተቀበሉት። ያለ ስምምነት ከኪራይ መቀነስ ከቤት ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው፣ ለስንት ክፍል? የሚገደለው ተባይ የትኛው ነው? ሁለተኛው ጉብኝት በዋጋው ውስጥ አለ? መድኃኒቱ ምን ይባላል? ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ለካውንቲ የምትከፍሉ ከሆነ በቢሮው ውስጥ በሚሰጣችሁ የካውንቲው ፔይቢል ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። በሠራተኛው የግል ስልክ ቁጥር ኤምፔሳ ላክ ከተባላችሁ ያ የካውንቲ ክፍያ አይደለም። የግል ድርጅት ከሆነ የፀረ ተባይ ምርቶች ተቆጣጣሪ ቦርድ (ፒሲፒቢ) የሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በኬንያ የተመዘገበ መድኃኒት በመለያው ላይ የፒሲፒቢ ቁጥር አለው።

ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይሄድ

በብዛት ገንዘብ የሚበላው ትኋን ነው። እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ብዙ መድኃኒት ደግሞ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ካልተደገመ የመጀመሪያው ርጭት ለብቻው አይበቃም። ሁለተኛ ዙር የሌለው ርካሽ ዋጋ መጨረሻ ላይ ውድ ነው።

ሙቀት ግን በነፃ ይሠራል። ልብስና አንሶላ በጣም በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ የፈላ ውሃ በአልጋ ብረትና በስንጥቅ ላይ ማፍሰስ ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። ስንጥቁን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ። ትኋን ደም ቢመጥም በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልታወቀም፤ ስለዚህ እሱን ፈርቶ ቤቱን በመርዝ መሙላት አይገባም። የሰውነት ቅማል ግን ግርሻን ያስተላልፋል፤ ቅማል ታይቶ ትኩሳት ካለ ቶሎ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ለአይጥ ዋናው መድኃኒት እህልን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ቆሻሻ አለማሳደር ነው። ለበረሮ ደግሞ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቦታ መድፈንና ማታ የምግብ ዕቃ አጥቦ ማደር።

እነዚህን በፍጹም አትጠቀሙ

በገበያ ላይ በውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ መለያ ሳይኖረው የሚሸጥ ፈሳሽ አትግዙ። አብዛኛው የእርሻ መርዝ ነው፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ለእህል ማከማቻ የሚሆነው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በተኛበት ቤት መላ ቤተሰብ ሊፈጅ ይችላል። ማርከሻም የለውም። ናፍጣና ላምባ መርጨትም እሳት መጋበዝ ነው፤ በተለይ በሸራና በእንጨት ቤት።

በማንኛውም ርጭት ጊዜ ምግብና የመጠጥ ውሃ አውጡ፣ ልጆችን ቢያንስ ቤቱ እስኪደርቅና አየር እስኪያገኝ ድረስ ውጭ አቆዩ። ከርጭት በኋላ ማስታወክ፣ ብዙ ምራቅ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ሰውየውን ወደ አየር አውጥታችሁ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱ። መርዙ የነበረበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው ከእሱ ነው።

ወደ እንግሊዝ ለሚሄዱ

በሦስተኛ አገር ሠፈራ እንግሊዝ የምትገቡም ይህ ጉዳይ ይጠብቃችኋል። እዚያ የ1949 ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች አካባቢያቸውን በተቻለ መጠን ከአይጥ እንዲያጸዱ ያዛል፤ ለቤተሰብ በነፃ እንዲረጩ ግን አያስገድድም። ስለዚህ አንዱ ምክር ቤት አይጥን በነፃ ያጠፋል፣ ሌላው ያስከፍላል፣ ሌላው ጭራሽ አገልግሎቱን አይሰጥም። ብዙዎቹ የመንግሥት ድጎማ ለሚቀበል ሰው ይቀንሳሉ። ከመክፈላችሁ በፊት «ቅናሽ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጥገኝነት ጠያቂ መኖሪያ ውስጥ ያለ ሰው ግን ለርጭት አይከፍልም፤ ችግሩን ለማይግራንት ሄልፕ ያሳውቃል።

በአጭሩ፦ በካምፕ መኖሪያ ቤት ነፃ ነው። በከተማ ኪራይ መጀመሪያ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ። ስትከፍሉ በሕጋዊ ሰንጠረዥ፣ በፔይቢልና በደረሰኝ ክፈሉ። ደረሰኝ ከሌለ ክፍያ የለም።