ፈንጣጣ፣ ክትባትና የገበያ ሕዝብ

በአዲስ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ የዛሬ ሥፍራውን የያዘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወራሪው ኃይል የከተማውን ነዋሪ በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ተወላጆች ገበያ የሚል ስያሜ ሰጠው። ከስያሜውም «መርካቶ» የሚለው ቃል ብቻ ቀረ። ሕዝብን ለመለየት የታቀደው ቦታ ግን ውሎ አድሮ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የሚመጣው ነጋዴና ሸማች፣ ተሸካሚና መንገደኛ የሚገናኝበት ሆነ። እንዲህ ያለ ሥፍራ ለንግድ የሚመች መሆኑ ብቻ ሳይሆን ለተላላፊ በሽታም እንደሚመች የታወቀ ነው።

ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ በኢትዮጵያ ታሪክ እጅግ ከተፈሩት አንዱ ፈንጣጣ ነበር። አስከፊው ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል ይገድል ነበር፤ የተረፈውንም ፊቱን ያጠቋቁረው፣ አንዳንዱንም ዓይኑን ያጠፋው ነበር። ሆኖም አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። በዚህም ዕውቀት ተመርቶ በጎጃምና በሌሎችም አውራጃዎች በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል መግል እየወሰደ የጤነኛውን ክንድ በጥቂቱ በጥቶ ያስገባ ነበር። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለትም ነው። ቃሉ ለሥራው ምን ያህል እንደሚስማማ ከዚህ በታች ይታያል። የባህላዊው ክትባት ጉዳት ግን ቀላል አልነበረም። የሚሰጠው ራሱ ፈንጣጣው ስለሆነ የተከተበው ሰው አንዳንድ ጊዜ ይሞታል፤ ሌላውንም ያስይዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ መግል ያንኑ ጥበቃ እንደሚሰጥ ያሳየው ይህን አደጋ በማስወገድ ነው።

የጥበቃው ምሥጢር በሰውነት ትዝታ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዳ ተሕዋስ ወደ ሰውነት ሲገባ ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ለዚያ ተሕዋስ መልክ የሚስማሙት ጥቂቶች ተለይተው ይባዛሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላትንም ያመርታሉ። ይህ ሥራ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ብርቱ በሽታ ደግሞ ይህን ያህል ላይታገሥ ይችላል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን የተወሰኑት ሕዋሳት ለዓመታት ይቆያሉ። ያው ጠላት ተመልሶ ቢመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይነሡበታል። ክትባት እንግዲህ ሕመሙ ሳይመጣ ትዝታውን በሰውነት ላይ መጻፍ ነው።

ፈንጣጣ ሰው ከያዘ በኋላ ምልክት ሳያሳይ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ አንድ ነጋዴ ከመርካቶ ተነሥቶ ጎንደር ሊገባ ይችል ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ቀኖች በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው ትኩሳቱና ሽፍታው ከመጡ በኋላ ነው። ከበሽተኛ ጋር የተገናኘ ሰውም በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ቢከተብ ክትባቱ በሽታውን ይቀድመዋል። ፈንጣጣን ያሸነፈው የዚህ ጥቂት ቀን ልዩነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ በሚኖርበት አገር ሁሉን ሰው ከትቦ መጨረስ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ ሕመምተኛውን ፈልገው ዙሪያውን ያሉትን ሰዎች መክተብ ያዙ። የሕመምተኛ ሥዕል ይዘው በትምህርት ቤትና በገበያ እየዞሩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በሽታውን ያዛምት የነበረው ገበያ ወሬውንም የሚሰጠው እርሱ ሆነ። ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው የደረቀ ክትባትና ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ባይኖሩ ኖሮ ግን በዚያ ቆላ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በቀረ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ታወጀ።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተጀመረ። ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ የሆነው ኩፍኝ ግን በፈንጣጣው ዘዴ አይረታም። ኩፍኝ ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፤ ሕመምተኛው ሲታወቅ አብረውት ገበያ የዋሉት ተይዘው ተበትነዋል። ስለዚህ ከመቶው ሰው ዘጠና አምስቱ ያህል አስቀድሞ የተጠበቀ መሆን አለበት። ክትባቱም ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ሳይለየው መድረስ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መጠን የሚሰጠው በዘጠኝ ወር፣ በ2011 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ደግሞ በአሥራ አምስት ወር ነው። በመርካቶ ግፊያ መካከል በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚያልፈው የሰባት ወር ሕፃን ከእናቱ የወረሰው ጥበቃ እየሟጠጠ፣ የራሱ ገና ያልተጻፈለት በመሆኑ ከኩፍኝ የሚከልለው በዙሪያው የሚጋፋው ሰው መከተብ ብቻ ነው።