ካርቡራቶር

ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተር የሚያቀብል የመኪና ክፍል ነው። ቃሉ እንደ ፍሬንና ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አሠራሩ ያለ አንዳች ኤሌክትሮኒክስ መሆኑ ያስደንቃል፦ ሞተሩ የሚስበው አየር መሃሉ በጠበበ ቱቦ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። ተስማሚው ሚዛን በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ያህል ነው።

«ካርቡራቶር ማደስ» ሲባል ከማጠብ ያለፈ ሥራ ነው። በድሮ ቮልስ ላይ የተገጠመው ሶሌክስ የተባለው ካርቡራቶር ቤት ውስጥ ሲታደስ ተፈታትቶ ይጸዳል፤ ጓርኒሲዮኖቹና የቤንዚን መዝጊያው መርፌ ይለወጣሉ። ቀዳዳዎቹ የሚጠረጉት በአየር ግፊት ነው። ሽቦ የናሱን ቀዳዳ ስለሚያሰፋ ፈጽሞ አይገባበትም፤ ቀዳዳው ጥቂት ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል። መርፌውን የሚዘጋው ተንሳፋፊም ይመረመራል፦ ቤንዚን ሰርጎ ካከበደው መርፌው አይዘጋም፣ ቤንዚኑም ሞልቶ ይፈስሳል።

የአየር መዝጊያው ዘንግ መቀመጫ ከተበላ ግን አዲስ ጓርኒሲዮን አያድነውም፤ አየር በጎን ስለሚገባ መቀመጫው በቶርኖ እንዲሰፋ ተደርጎ ቡሺንግ ሊገባለት ይገባል።