በሬው ለምን በመጨረሻ ይሸጣል? የአርዲቦ ዙሪያ ገበሬ ቤት ስሌት

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው ትልቁን ሐይቅ ነው፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን። አርዲቦ ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ፣ በተራሮች መካከል ተቀምጧል። ትርፍ ውኃው በወንዝ ወርዶ ትልቁ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በዙሪያው ያለው ገበሬ ግን ይህን ሁሉ ውኃ ቁልቁል እያየ፣ ለዘመናት ያረሰው ሰማይ ጠብቆ ነው፤ ማሳው ከውኃው በላይ ነዋ!

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ አንድ ሥርዓት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «የቱ ክፍል ሲጎድል ነው ሁሉም የሚቆመው?» ብዬ ነው። በገበሬ ቤት መልሱ እህል መስሎኝ ነበር፤ በሬ ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የነበረን አንድ ቤት አስቡት። ከሁሉም ቀድማ የምትነሳው ሴቲቱ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ወፍጮ ቤት ሩቅ ከሆነ በድንጋይ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ማሳ ትወርዳለች። (ይህን ሁሉ ሠርታ «ገበሬ» የሚባለው ባሏ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ልጆቹ ከብት ያግዳሉ፣ ኩበት ይለቅማሉ። ጓሮው ጎመን፣ ዱባና ጌሾ ያበቅላል፤ አመዱና ፍጉ እዚያ ስለሚደፋ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ይለማል። ኩበት ሆኖ የነደደው ፍግ ደግሞ ማሳው ጋ አይደርስም። ከአውድማ የተረፈው ጭድ የበሬው ነው።

በሬው ለምን ይህን ያህል ከበደ? ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በሁለት ትልሞች መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚቀር ገበሬው ተመልሶ በአግድም ያርሳል። ጤፍ ከሆነ ማሳው ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል። በግርድፉ ካሰላነው ጥንድ በሬ የሚያወጣው ኃይል የግማሽ ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ከአንድ ትንሽ የውኃ ፓምፕ አይበልጥም። ያም ኃይል የሚፈለገው ዝናብ ጥሎ አፈሩ በለሰለሰባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። በደቡብ ወሎ ያ ጊዜ ሁለቴ ይመጣል፦ ከየካቲት ጀምሮ ለበልግ፣ በክረምት ደግሞ ለመኸር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውንም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። መሬት ቢከፋፈልም ጥንድ በሬ ለሁሉም አልደረሰም። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ማለትም በሬያቸውን አንድ ላይ ጠምደው በተራ ያርሳሉ። ነገር ግን ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ቀን ነው የሚዘንበው። ተራው ሁለተኛ የሆነው አፈሩ ሲደርቅበት እያየ ይጠብቃል።

በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ። ዓለም የኮረምን መጠለያ በቴሌቪዥን ያየው ጥቅምት 1977 ላይ ነው። በየቤቱ ግን ትግሉ ከተጀመረ ወራት አልፈው ነበር። ደሳለኝ ራህማቶ ያን ጊዜ በአምባሰል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው ገበሬ እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ክፉ ቀን መምጣቱን ሲያይ የሚበላውን ይቀንሳል፣ ይበደራል፣ ሥራ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፣ ከብቱን ይሸጣል። ሽያጩም ተራ አለው። ዶሮና በግ፣ ፍየል ይቀድማሉ፤ የእርሻ በሬ እስከ መጨረሻ ይቆያል።

እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚከብደው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ከብት ወደ ገበያ ሲነዳ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ይወጣል። በሬውን ቀድሞ የሸጠ የተሻለ እህል ይሸምታል፤ ዝናብ ቢመጣ ግን የሚጠምደው የለውም። የዘገየውን ደግሞ በሬው ከስቶ ገዢ ያጣበታል፣ በረት ውስጥ ሊሞትበትም ይችላል። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው የለም፤ ልጆቹም እስኪዘንብ አይጠብቁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እኛ ቢያንስ ቁጥሮቹ ይሰጡናል።

በ1977 ክረምት ዝናቡ ተመለሰ። በሬውን የሸጠው ቤት መሬቱ ረጥቦ እያየ ወይ በዶማ ቆፈረ፣ ወይ ማሳውን ለእኩል ሰጠ፣ ወይ በሬ ላለው ጎረቤት በጉልበቱ ሠርቶ ተራ ጠበቀ።